የባለቤቱ ፉርጎና የሠራተኞቹ



ስለ ባቡር ልናገር ነው፤ ታገሱኝ።

ፍሎሪዳ፣ ሳራሶታ በሚገኘው የሪንግሊንግ ሙዚየም የሰርከስ ከበርቴው ጆን ሪንግሊንግ እ.ኤ.አ. በ1905 በፑልማን ኩባንያ ያሠራው የግል ፉርጎ ቆሟል፤ «ዊስኮንሲን» ይባላል። ከሰርከሱ እጅ ከወጣ በኋላ ስሙ ተቀይሮ፣ የዓሣ አጥማጆች ማረፊያ እስከ መሆን ደርሶ ነበር። ዛሬ ታድሶ ይጎበኛል።

ሠራተኞቹ ይተኙባቸው የነበሩትስ ፉርጎዎች? በሰኔ 1918 ኢንዲያና፣ ሃሞንድ አጠገብ የቆመውን የሃገንቤክ ዋላስ ሰርከስ ባቡር ሌላ ባቡር ከኋላ ገጨው። የእንጨት መኝታ ፉርጎዎቹ ተሰባብረው ነደዱ፤ 86 ያህል ሰው አለቀ። ብዙዎቹን በስም የሚያውቅ ጠፍቶ፣ ቺካጎ አጠገብ «ያልታወቀ ወንድ»፣ «ባለ አራት ፈረስ ነጂ» በሚሉ ድንጋዮች ሥር ተቀበሩ።

ስም የሌለው አስከሬን ምን ያህል እንደሚከብድ እኛ ሐኪሞች እናውቀዋለን። እናም ይህ መጽሔት የእኛን ፎቶ ብቻ ይዞ አይቅር። የካፌውን ወጥ ሠሪዎች፣ የአናቶሚ ክፍሉን ረዳቶች፣ በሌሊት በር ይከፍቱልን የነበሩትን ዘበኞች ስም፣ የሚያስታውስ ሰው እያለ፣ ዛሬውኑ እንጻፍ።