ስለ ሰፊው መረብ ትምህርት ለወላጆች የቀረበ ንግግር



ኮሚቴው ስለ ኮምፒውተር ኔትወርክ ትምህርት ጥቂት እንድናገር ሲጠይቀኝ፣ እኔ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ንግድ የገባሁ ሰው ነኝ፣ የተማሩት እያሉ ለምን እኔ ብዬ ነበር። «ወላጅ የሚገባው በነጋዴ ቋንቋ ሲነገረው ነው» አሉኝ። እንግዲህ በነጋዴ ቋንቋ ልሞክር። ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት አንዱ ሱቄ መሃል ከተማ፣ ሁለተኛው ኢስሊ ነው። የሁለቱን ሒሳብ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ለማየት ባለሙያ በጠራሁ ቁጥር ገንዘብ መክፈል ሰለቸኝና በሃምሳ ሁለት ዓመቴ መሃል ከተማ ካለ አንድ ኮሌጅ የማታ ተማሪ ሆንኩ። አብረውኝ የሚማሩት የልጆቼ እኩዮች ናቸው። «ምዜ» እያሉ ይጠሩኛል፣ ወንበርም ይለቁልኛል።

በአንድ ሱቅ ውስጥ ያሉ ኮምፒውተሮች ሲገናኙ «ላን» ይባላል፤ የአንድ ግቢ ሰዎች እንደማለት ነው። ከተማ ከከተማ፣ አገር ከአገር ሲገናኝ ግን «ዋን» ይሆናል። በዚህ ጊዜ መስመሩ የራሳችን ስላልሆነ ከአቅራቢ ድርጅት እንከራየዋለን። መንገዱን የሚያሳየው መሣሪያ ራውተር ነው። ከሞያሌ ተነሥቶ ጎንደር የሚሄድ እንግዳ አስቡ። ሞያሌ ላይ የሚጠይቀው ሰው ጎንደርን አይቶ አያውቅ ይሆናል፤ ነገር ግን «በያቤሎ በኩል ሂድ» ይለዋል። ያቤሎ ላይ ያለው ወደ ዲላ፣ ዲላ ያለው ወደ ሐዋሳ እያለ እንግዳው ይደርሳል። ራውተርም እንዲሁ ነው፤ መንገዱን ሁሉ ሳይሆን ቀጣዩን ጣቢያ ካወቀ ይበቃዋል።

የእኔን ሁለት ሱቆች የሚያገናኘው «ቪፒኤን» የሚባለው ነው። ዕቃን በሕዝብ ማታቱ መላክ ነው፤ ግን ሣጥኑ ተቆልፎ፣ ቁልፉ በሁለቱ ሱቆች ብቻ ሆኖ። ለብቻ የሚከራይ መስመር ለባንክ ይሆናል እንጂ እንደኔ ላለ ነጋዴ ወጪው አያዋጣም።

ከሁሉም የከበደኝ አድራሻ ማከፋፈል ነበር። 256 አድራሻ ለአራት ክፍል ሲካፈል ለእያንዳንዱ 64 ይደርሰዋል፤ ከዚያ ላይ ሁለቱ ለመረቡ ለራሱ ተነሥተው ለመሣሪያ የሚቀረው 62 ነው። አንድ ጆንያ ቡና ለአራት ደንበኛ ስከፋፍል እንደኖርኩ ሳስበው ቀለለኝ።

ናይሮቢ ለዚህ ትምህርት ጥሩ ቦታ ናት። ከ2009 በፊት ከውጭ ዓለም ጋር የምንገናኘው በሳተላይት ነበር። ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ነው ያለው። ጥያቄው ወጥቶ ይወርዳል፣ መልሱም ወጥቶ ይወርዳል፤ ይህ ሲደመር 144,000 ኪሎ ሜትር ነው። ብርሃን በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ቢሮጥም ግማሽ ሰከንድ ገደማ በመንገድ ይጠፋል ማለት ነው። ያን ጊዜ በኢንተርኔት ቤት ስንደውል «ሃሎ፣ ሃሎ» እየተባባልን አንዳችን በሌላችን ላይ የምንናገረው አንዱ ምክንያት ይኸው ነበር። በ2009 ሲኮምና ቲምስ የተባሉት የባሕር ገመዶች፣ በ2010 ደግሞ ኢሲ የተባለው ሞምባሳ ላይ ሥራ ሲጀምሩ ነገሩ ተለወጠ። አገራችን ግን ባሕር ስለሌላት በጎረቤት በኩል ነው የምትወጣው፤ በጅቡቲ፣ በሱዳን፣ በኬንያም። በየትምህርት ቤቱ «ፕላዝማ» ሲገባ ትምህርቱ በሳተላይት ይሰራጭ እንደነበር የምታስታውሱ ትኖራላችሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ግንቦት 12 ቀን 2024 እሑድ፣ በሞዛምቢክና በደቡብ አፍሪካ መካከል ሲኮምና ኢሲ ተበጠሱ፤ የምሥራቅ አፍሪካ ኢንተርኔት ተንኮታኮተ። አንዲት እናታችን ጆሃንስበርግ ያለው ልጃቸው በየእሑዱ የሚደውልላቸው በዚያን ቀን ጠፋባቸው። እዚያ በሐበሻ ሱቆች ላይ የሚደርሰውን ሁላችሁም ትሰማላችሁ፤ እናትየው ለቅሶ ጀመሩ። አብሮኝ የሚማር የእኛው ልጅ ላፕቶፑን ከፍቶ መልእክቱ ከጣቢያ ጣቢያ የት እንደደረሰ በሚያሳየው ትእዛዝ ፈተሸና «እማማ፣ የቆመው መስመሩ ነው፤ ሌላ ሰውም አይደርስም» ብሎ አሳያቸው። ማክሰኞ ልጁ ደወለ። እኔ የዚህን ትምህርት ዋጋ የለካሁት ያን ዕለት ነው፤ የእኛ ቤተሰብ በሦስትና በአራት አገር ተበትኖ የሚኖረው በዚህ ክር ነውና።

አሁን ክፍያ ለምትከፍሉ ወላጆች። ኮሌጅ ስትመርጡ የግድግዳውን ቀለም ተዉትና መጽሐፉን ጠይቁ። የሲስኮ «ሲሲኤንኤ» ፈተና ከየካቲት 2020 ጀምሮ ተቀይሯል፤ ድሮ በአራት ክፍል ይሰጥ የነበረው የአካዳሚው ትምህርትም አሁን ሦስት ነው። «ፍሬም ሪሌይ» በሚባለው አሮጌ ዘዴ ላይ ሳምንታት የሚያጠፋ ኮሌጅ ካገኛችሁ ያረጀ ዕቃ እየሸጠላችሁ ነው። ተማሪው በእጁ የሚነካው ራውተር አለ ወይ በሉ። ከሌለ ደግሞ «ፓኬት ትሬሰር» የሚባለው መለማመጃ ተመዝግቦ በነጻ ይገኛል፤ ለእሱ አታስከፍሉን በሉ። ሰርተፊኬቱ ለሦስት ዓመት ነው የሚጸናው፤ ከዚያ መታደስ አለበት።

የምታውቁትን ግን በግልጽ ልናገር፤ ሰርተፊኬት የሥራ ፈቃድ አይሆንም። ወረቀቱ ያልተስተካከለለት ልጅ ጎበዝም ቢሆን ኩባንያ በር ላይ ይቆማል። «ኮርሱን ጨርስ እንጂ ሥራው ይገኛል» የሚል ደላላ ቢመጣ አትስሙት። ሆኖም ካናዳም ቢሄድ፣ አዲስ አበባም ቢመለስ ፈተናው አንድ ዓይነት ነው፤ እንደ ሌላው ዲፕሎማ አቻ ግምት ፍለጋ አያንከራትተውም። ሴት ልጆቻችሁንም አትርሱ፤ በክፍላችን አድራሻ በማከፋፈል የሚቀድማት ያጣችው ሴት ናት።

በመጨረሻ ለኮሚቴው የማቀርበው ሐሳብ አለ። ሉቱሊ ጎዳና አካባቢ ያገለገሉ ራውተሮች ይሸጣሉ። ማኅበሩ ሁለት ራውተርና አንድ ስዊች ቢገዛ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ባዶ በሚውለው የስብሰባ ክፍላችን ልጆቹ ይለማመዱበታል። ጠረጴዛውንና የኤሌክትሪክ ማከፋፈያውን እኔ ከሱቄ አመጣለሁ። በሚቀጥለው ጉባኤ በአጀንዳ ተይዞ ድምፅ እንዲሰጥበት እጠይቃለሁ።