የጨቅላዋ እግርና የሞለኪውሎች ሰልፍ



ሐኪም ሆና ስለ ኬሚስትሪ ልታወራ ነው ብላችሁ እንዳትስቁብኝ። ተማሪ ሳለን የኬሚስትሪ ልጆችን «ጠርሙስ አጣቢዎች» እያልን እንቀልድባቸው ነበር። ዛሬ ይቅርታም ልጠይቅ ነው የመጣሁት።

ነገሩ የጀመረው በአንዲት ጨቅላ ነው። ያኔ የምሠራበትን ሆስፒታል ስም አልጠራም። ልጅቷ ያለጊዜዋ የተወለደች፣ እግሯ ከአውራ ጣቴ ብዙም የማይበልጥ ነበረች። ለጨቅላ የሚጠቀለለው የኦክስጅን መለኪያ አልቆብን ስለነበር የአዋቂ ጣት መቆንጠጫውን በፕላስተር እግሯ ላይ አሰርነው። ቁጥሩ 94 አለ፤ እኔም አመንኩት። በዕድሜ የምትበልጠኝ ነርስ ግን «ዶክተር፣ ማሽኑን ይተዉትና ከንፈሯን ይዩ» አለችኝ። ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኗል! ደግነቱ ደረስንላት። ያ 94 ግን እስከ ዛሬ ከጭንቅላቴ አልወጣም።

ከዚያ በኋላ ነው ማንበብ የጀመርኩት። በ2014 በርክሌይ ያሉ ተመራማሪዎች ብርሃን አመንጪውም ተቀባዩም ከኦርጋኒክ ሴሚኮንዳክተር የተሠራ የኦክስጅን መለኪያ አሳይተዋል። ኦርጋኒክ ማለት እዚህ ላይ በካርቦን ላይ የተመሠረተ ማለት ነው። እንደ ቀለም ሟሙቶ በስስ ፕላስቲክ ላይ ይቀባል፤ ፕላስቲኩም ይተጣጠፋል። ለትንሽ እግር ከዚህ የተሻለ ምን አለ?

ችግሩ ያለው አደራረቁ ላይ ነው። ቡና ጠረጴዛ ላይ ጠብ ብሎ ሲደርቅ ዳር ዳሩን ጥቁር ቀለበት ይሠራል፣ መሀሉ ይሳሳል አይደል? ዳሩ ቶሎ ስለሚተን ፈሳሹ ቅንጣቶቹን ይዞ ወደዚያ ይሄዳል። ሴሚኮንዳክተሩም እንደዚያው ነው። ኤሌክትሪኩ የሚሄደው ከአንዱ ሞለኪውል ወደ ሌላው እየዘለለ ነውና ሰልፉ ከተዘበራረቀ ይደነቃቀፋል። በ2011 የስታንፎርዷ ዠናን ባኦና ባልደረቦቿ ቲፕስ ፔንታሲን የሚባለውን ቁስ በሞቀ ገጽ ላይ በሁለት ንጣፎች መካከል በቁጥጥር እየጎተቱ አደረቁት። በሞለኪውሎቹ መካከል ያለው ርቀት ከ3.33 ወደ 3.08 አንግስትሮም ወረደ። ሩብ አንግስትሮም ናት፤ አንዷ አንግስትሮም የሜትር አሥር ቢሊዮንኛ ነች! በዚህች ብቻ የኤሌክትሪክ ክፍያው ቅልጥፍና ከ0.8 ወደ 4.6 ወጣ።

ግን ሰልፍ በበዛ ቁጥር ይሻላል ማለት አይደለም። ብርሃን ተቀባዩ ላይ ሁለት ቁሶች ተደባልቀው ነው የሚሠሩት። ብርሃን የቀሰቀሰው ኃይል ከመጥፋቱ በፊት የሚጓዘው 10 ናኖሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ክሪስታሎቹ ከመጠን በላይ ካደጉ መገናኛው ላይ ሳይደርስ ይቀራል። መጠኑን ማወቅ ነው ሙያው። እኛም መድኃኒት ስናዝ እንዲሁ ነን።

ይሄ ሁሉ ለምን እኛን ይመለከታል? በ2020 በአሜሪካ የወጣ ጥናት፣ የተለመደው መለኪያ የኦክስጅን እጥረትን ሳያይ የሚያልፍበት ዕድል በጥቁር ታካሚዎች ላይ ከነጮቹ ሦስት እጥፍ ገደማ መሆኑን አሳይቷል። አዲሱም መለኪያ ሲመጣ በእኛ ቆዳ ላይ ካልተፈተነ ያው ነው። ለመጀመሪያው ሙከራ ደግሞ ትልቅ ፋብሪካ አያስፈልግም፤ ማሞቂያ፣ ምላጭና ክሪስታል የሚያሳይ ማይክሮስኮፕ ይበቃል።

የኬሚስትሪ ሰዎች፣ እኔ ቅዳሜ ጠዋት ነፃ ነኝ። የጨቅላ ክፍላችንን መጥቶ ማየት ለሚፈልግ ጋውንና የጫማ መሸፈኛ አዘጋጃለሁ።