የትራፊክ ፖሊስነት ሙያና የየቲሞች ሐቅ





የተከበራችሁ የየቲም አሳዳጊዎች፣ ወንድሞችና እህቶች፤ ዛሬ ልንነጋገርበት የወደድነው ልጆቻችን ነገ ስለሚሠማሩበት ሙያ ሲሆን፣ በተለይም ስለ ትራፊክ ፖሊስነት ነው። ይህን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። በየካ ክፍለ ከተማ ከምናስተምራቸው የቲሞች አንዱ፣ አባቱን በመኪና አደጋ ያጣ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ፣ ወደፊት ምን መሆን እንደሚሻ ቢጠየቅ «ትራፊክ ፖሊስ» ሲል መለሰ። በዙሪያው የነበሩት ትልልቅ ሰዎች ሳቁ፤ አጎቱም «ጉቦ ልትበላ ነው?» አሉት። ልጁ አቀርቅሮ ዝም አለ። እኛ ግን ነገሩን በሳቅ ልናልፈው አልቻልንም።

የምንኖርበትን ሰፈር አስቡ። ከደብረ ብርሃንና ከሰንዳፋ የሚመጣው ጎዳና በለገጣፎ አድርጎ ወደ ካራና ወደ ኮተቤ፣ ከዚያም ወደ መገናኛ ይዘልቃል፤ ጭነት የከበዳቸው መኪኖችም ሕፃናት በሚሻገሩበት መንገድ ላይ ይወርዳሉ። ከእንጦጦ ተራራ ደግሞ እናቶች የባሕር ዛፍ እንጨትና ቅጠል ተሸክመው ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ይወርዳሉ። ሸክሙ ስለሚያጎብጣቸው ግራና ቀኝ ዞረው መኪና ማየት ይሳናቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደገለጸው እ.ኤ.አ. በ2021 በመላው ዓለም 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመንገድ አደጋ ሞተዋል፤ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት ለሆኑትም ቀዳሚው የሞት ምክንያት ይኸው ነው። ከሟቾቹ ብዙዎቹ አባትና እናት ናቸው፤ የሚተዋቸውም ልጆች እንደ እኛ ባሉ ማኅበራት መዝገብ ላይ ይሰፍራሉ።

ብዙዎቻችን ትራፊክ ፖሊስን የምናውቀው በፊሽካውና በክስ ወረቀቱ ነው። ከባዱ ሥራው ግን አደጋው ከደረሰ በኋላ ይጀምራል። ሜትር ዘርግቶ ጎማው አስፋልቱ ላይ የተወውን ምልክት ይለካል፤ መኪናው የቆመበትን፣ ሰውዬው የወደቀበትን፣ ዜብራው ያለበትን በወረቀት ይነድፋል፤ ምስክሮችንም ይመዘግባል። ሕዝቡ «ፕላን ማንሳት» የሚለው ይህንኑ ነው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 559 ባለ መኪናው ሁሉ የሦስተኛ ወገን መድን እንዲገባ አስገድዶ ነበር፤ በ2005 ዓ.ም. የተተካው አዋጅ ቁጥር 799ም ግዴታውን አጽንቶ፣ ገጭቶ ባመለጠ መኪና ለተጎዱ ሰዎች ሳይቀር ከፈንድ ካሳ የሚያገኙበትን መንገድ ደንግጓል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ደግሞ ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት የካሳ ክስ የሚቀርበው በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲሆን ወስኗል። ባሏ የሞተባት ሴት ዒዳዋን ፈጽማ፣ ልጆቿን አረጋግታ ወደዚህ ጉዳይ እስክትመለስ ወራት ያልፋሉ። በዚያን ጊዜ ደሙ ታጥቧል፤ ምስክሩም ሰፈር ቀይሯል። የቀረላት ያ ወረቀት ነው።

እንግዲህ ያን ወረቀት በጥቂት ብር ያጣመመ ሰው የማንን ገንዘብ በላ? የየቲሞችን ገንዘብ መብላት ምን ያህል ከባድ ኃጢአት እንደሆነ በመድረሳ የተቀመጠ ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ የአጎትየው ጥያቄ ከንቱ አልነበረም፤ ጉቦ የሚቀበል አለ፤ ሰጪውም አለ፤ ሰጪውን ግን ማንም አይስቅበትም። እኛ የምንለው፣ ሥራው ይህን ያህል አማና ከሆነ ልጆቻችንን ከእርሱ ማራቅ ሳይሆን አማናን የሚያውቁትን መርጦ መላክ ይገባል ነው። ኸሊፋው ዑመር ኢብኑል ኸጧብ በሩቅ አገር አንዲት እንስሳ ብትሰናከል ስለ መንገዱ እንዳይጠየቁ ይሰጉ እንደነበር ይተረካል። እኛ ዘንድም የኢንስፔክተር አሰፋ መዝገቡን ድምፅ በሬዲዮ ያልሰማ የአዲስ አበባ ነዋሪ ጥቂት ነው፤ የመዲናዋን የትራፊክ አደጋ እየዘገቡ አሽከርካሪውንም እግረኛውንም ሲመክሩ ሕዝቡ እንደ ቤተሰብ ይሰማቸው ነበር። ሙያው ሊከበር እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አንሻም።

ይሁንና ሥራውን አሳምረን ብቻ ልንነግራቸው አይገባም። ደመወዙ ብዙ አይደለም። በክረምት ዝናብ፣ በረመዳንም ጾሞ በመገናኛ ፀሐይ መቆም አለ። እኛ ለዒድ ሰላት ወደ ስታዲየም ስንጎርፍ መንገዱን የሚያስከብርልን እርሱ ነው፤ ከሙስሊሞቹ መካከል ተራው ደርሶ በሥራ ላይ የሚውለው ከሶፉ ይቀራል። የተገጨ ሕፃን ከአስፋልት ማንሳትም አለ፤ አባቱን በዚሁ መንገድ ያጣ ልጅ ይህን ይችለው እንደሆነ ከእርሱ ጋር በእርጋታ መነጋገር የአሳዳጊው ድርሻ ነው።

መንገዱም አጭር አይደለም። ትራፊክ ለመሆን አስቀድሞ ፖሊስ መሆን ያስፈልጋል፤ መሠረታዊውን ሥልጠና ከጨረሱ በኋላ ነው ወደ ትራፊክ ሥራ የሚመደቡት። ትምህርቱን መቀጠል የሚሻም የኢትዮጵያ ፖሊስ ዩኒቨርሲቲ ያለው ሩቅ አይደለም፤ በዚሁ በየካ በኩል በሚወጣው መንገድ ሰንዳፋ ላይ ነው። ቅጥሩ ትምህርትን፣ ጤንነትንና ከወንጀል ነፃ መሆንን ይጠይቃል። ስለዚህ ልጁ ትምህርቱን አቋርጦ ረዳት ልሁን ሲል አትፍቀዱለት። ሒሳብና ፊዚክስ እንዲያጠና አድርጉ፤ ፍጥነትንና ርቀትን ማስላት የማይችል ሰው ፕላኑን ቢያነሳም አያስረዳበትም። እህቶችም በዚህ ሥራ ተሰማርተው በከተማችን አደባባዮች እናያቸዋለንና፣ ጉዳዩ የወንዶች ብቻ ነው ብላችሁ ሴት ልጆቻችሁን አታስቀሩ። የልደት ምስክር ወረቀት ያላወጣችሁላቸው አሳዳጊዎች ከወዲሁ ወደ ወረዳችሁ ሂዱ፤ የቅጥር ማስታወቂያ ከወጣ በኋላ ሲሯሯጡ ቀኑ ያልፍባቸዋል።