ሰውነት ክብደቱን እንዴት ይጠብቃል?



ስለ ውፍረት ስንነጋገር ሁለት አመለካከቶች ይፈራረቁብናል። ከወዳጅ ጋር ስንገናኝ «ወፈር ብለሃል፣ ተስማምቶሃል» እያልን የምቾት ምልክት እናደርገዋለን፤ በምርመራ ክፍላችን ደግሞ «ምግብ ቀንስ፣ ራስህን ግዛ» እያልን የልቅነት ፍሬ እናደርገዋለን። የሥነ ሕይወት ምርምር የደረሰበት ግን ከሁለቱም የተለየ ነው።

አስቀድመን አንድ ቀላል ስሌት እንመልከት። በቀን 2,500 ኪሎ ካሎሪ የሚመገብ ሰው በዓመት ከ900,000 በላይ ይመገባል። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ያህል ኪሎ ካሎሪ ይይዛል። እንግዲህ ሰውየው በዓመቱ መጨረሻ አንድ ኪሎ ቢጨምር እንኳ፣ የገቢውና የወጪው ልዩነት ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም ማለት ነው። በዚህ ልክ እየቆጠረ የሚጎርስ ሰው የለም። ለመሆኑ ቆጣሪው ማን ነው?

መልሱ የተገኘው ከአይጦች ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 በአሜሪካ፣ በሜይን ግዛት ከሚገኘው ጃክሰን ላቦራቶሪ፣ ያለ ልክ እየበሉ የሚወፍሩ አይጦች መገኘታቸው ተገለጸ። በ1966 ደግሞ ወፍራምም የስኳር በሽተኛም የሆነ ሁለተኛ ዘር ታወቀ። ዳግላስ ኮልማን የተባሉት ተመራማሪ አይጦቹን ጥንድ ጥንድ እያደረጉ በቀዶ ጥገና በማጣመር፣ ደማቸው ከአንዱ ወደ ሌላው እንዲዘዋወር አደረጉ። ጤነኛው አይጥ ከሁለተኛው ዘር ጋር ሲጣመር መብላቱን ትቶ በረኃብ ሞተ። የመጀመሪያው ዘር ወፍራም አይጥም ከሁለተኛው ጋር ሲጣመር ዕጣው ይኸው ሆነ። ኮልማን በ1973 የሰጡት ትርጓሜ እንዲህ የሚል ነበር፤ የመጀመሪያው ዘር የምግብ ፍላጎትን የሚገታውን ንጥረ ነገር መሥራት አይችልም፤ ሁለተኛው ግን አብዝቶ ይሠራዋል፣ ነገር ግን መልእክቱን መቀበል አይችልም።

ንጥረ ነገሩ ራሱ እስኪታወቅ 21 ዓመት ፈጀ። በ1994 ጄፍሪ ፍሪድማንና ባልደረቦቻቸው በኒው ዮርክ ሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ጂኑን አገኙ። ሆርሞኑም «ቀጭን» የሚል ትርጉም ካለው የግሪክ ቃል ሌፕቲን ተባለ። የሚመነጨው ከራሱ ከስብ ነው። ቀድሞ እንደ ጎተራ ብቻ ይታይ የነበረው ስብ፣ የክምችቱን መጠን ለአንጎል የሚያስታውቅ አካል ሆኖ ተገኘ።

ሆኖም ሌፕቲን ለውፍረት ሁሉ መድኃኒት አልሆነም። ከተፈጥሮ ሌፕቲን የሌላቸው ጥቂት ሕመምተኞች ሆርሞኑ ሲሰጣቸው ረኃባቸው በርዶ ክብደታቸው ቀነሰ። በአብዛኞቹ ወፍራም ሰዎች ደም ውስጥ ግን ሌፕቲን አይጎድልም፤ እንዲያውም ይበዛል፤ አንጎል ለመልእክቱ የሚሰጠው ምላሽ ነው የደከመው። በአንጻሩ ሰው ሲከሳ ሌፕቲኑ ይወርዳል፤ ያን ጊዜ አንጎል ረኃብን ያነሣሣል፣ የኃይል ወጪንም ይቆጥባል። ክብደቱን የቀነሰ ሰው የሚታገለው እንግዲህ ከገዛ ሰውነቱ መከላከያ ጋር ነው።

አዳዲሶቹ መድኃኒቶችም ይህንኑ ያረጋግጣሉ። በ2021 ውጤቱ በታተመው ጥናት፣ ሴማግሉታይድ በ68 ሳምንታት ውስጥ ክብደትን በአማካይ ከመቶ 15 እጅ ያህል ቀነሰ። መድኃኒቱ በቆመ በአንድ ዓመት ውስጥ ግን ከቀነሰው ክብደት ሁለት ሦስተኛው ተመለሰ።

ክቡራን ባልደረቦች፤

ይህን ስል የምግብ ልክና የአካል እንቅስቃሴ ዋጋ የላቸውም ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ክብደቱ የተመለሰበትን ሕመምተኛ «ሰነፍ» ብለን ብንገሥጸው ዳግመኛ ደጃችንን አይረግጥም፤ የደም ግፊቱና የስኳር በሽታውም ያለ ተከታታይ ይቀራሉ። የደም ግፊት በሽተኛውን «ግፊትህን በፈቃድህ አውርድ» አንለውም፤ መድኃኒቱን ሲያቋርጥ ግፊቱ ቢመለስ አንገረምም። ለዚህኛውም ሕመምተኛ ያንኑ ትዕግሥትና ያንኑ የረጅም ጊዜ ክትትል ልንሰጠው ይገባል።