ደመወዛችንን ሳንለቅ ጌም መሥራት



ሦስታችንም የሒሳብ ሠራተኞች ነን፤ ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ማታ ማታ የኮምፒውተር ጌም እንሠራለን። ከዚያ በፊት አንድ መስመር ኮድ እንኳ ጽፈን አናውቅም።

ጎዶት የተባለው የጌም መሥሪያ ፕሮግራም ነፃ ነው፤ ከሽያጭም ድርሻ አይጠይቅም። በእሱ ገበጣ መሥራት ጀመርን፤ አጨዋወቱን ከልጅነታችን እናውቀዋለንና። 12 ጉድጓድ፣ 48 ጠጠር። ስንሞክረው ድምሩ 47 ይመጣል! እንዳልታረቀ ሒሳብ አንዷን ጠጠር ሁለት ሳምንት ፈለግናት። በመጨረሻ ፕሮግራሙ በየተራው ድምሩን እንዲቆጥር አድርገን የምትጠፋበትን ቦታ አገኘነው።

ከመካከላችን አንዷ ሥራዋን ልትለቅ፣ የዕቁብ ብሯንም ልታወጣበት ቆርጣ ነበር። ቁጭ ብለን አሰላን። ስቲም ላይ ለመሸጥ ለአንድ ጌም 100 ዶላር ይከፈላል፤ ከሽያጩም ብዙውን ጊዜ 30 በመቶ ይቆረጣል። ስታርዲው ቫሊን ብቻውን የሠራው ኤሪክ ባሮን እንኳ ከ4 ዓመት በላይ ፈጅቶበታል። እህታችን ደመወዟን ይዛ ቀጠለች።

ገበጣችን እስካሁን ሳንቲም አላስገባም፤ ግን ጨርሰነዋል፤ ልጆቻችንም ይጫወቱበታል። መማር የምትፈልጉ ከስብሰባው በኋላ ቆዩ፤ ከትንሹ እንጀምራለን።