ስለ ላንቃ፥ ስለ እንጥልና ስለ ጉሮሮ፤ ለሮቢት መምህራንና ሽማግሎች የተዘጋጀ ንግግር



ሰው በምላሱ ጫፍ ላንቃውን ቢዳስስ፥ የፊተኛው ክፍል እንደ አጥንት የጸና፥ የኋለኛው ግን የለሰለሰ ሆኖ ያገኘዋል። ከለስላሳው ላንቃ ጫፍ ቁልቁል የተንጠለጠለችው፥ ሰው ሲደነግጥ «ዱብ አለች» የሚላት፥ እንጥል ናት። ከእርስዋ በስተኋላ ያለው ጉሮሮ የአየርና የምግብ መንገድ የሚገናኙበት ስፍራ ነው።

በእሸት ጊዜ የሮቢት ልጅ ማሽላ ሲበላ፥ ፍሬው ወደ አፍንጫው የማይወጣው ስለ ምንድር ነው? በሚውጥበት ጊዜ ለስላሳው ላንቃ ከነእንጥሉ ተነሥቶ የአፍንጫውን በር ስለሚዘጋ ነው። ውሃ እየጠጣ ቢስቅ ግን በሩ ሳይዘጋ ይቀርና ውሃው በአፍንጫው ይወጣል። በንግግርም እንደዚሁ ነው፤ «በ» ሲባል በሩ ይዘጋል፥ «መ» ሲባል ይከፈታል። አፍንጫውን ይዞ «መ» ለማለት የሞከረ ተማሪ ይህን ወዲያው ያስተውላል።

ይህን በር የሚያዝዙት ነርቮች ናቸው። ከአንጎል የሚወጡት ነርቮች 12 ጥንድ ሲሆኑ፥ 5ኛው የላንቃን ስሜት ለአንጎል ያደርሳል፥ ላንቃን የሚወጥረውንም አንድ ጡንቻ ያንቀሳቅሳል። 9ኛው የጉሮሮን ስሜት ያደርሳል። 10ኛው የቀሩትን የላንቃ ጡንቻዎችና አብዛኞቹን የጉሮሮ ጡንቻዎች ያዝዛል። ስለዚህ 10ኛው ነርቭ በአንድ ወገን የታመመ እንደ ሆነ፥ በሽተኛው «አ» ሲል እንጥሉ ወደ ጤነኛው ወገን ይሳባል። ሐኪም አፍ አስከፍቶ «አ በል» ከሚልበት ምክንያት አንዱ ይህ ነው።

እንግዲህ እንጥል የአካል ክፍል እንጂ በሽታ አይደለችም። ነገር ግን በኢትዮጵያ በብዙ ስፍራ ሕፃን ሲያስለው ወይም ጡት እንቢ ሲል «እንጥሉ ወረደ» ተብሎ ሲቈረጥ ኖሯል። ወላጅ ይህን የሚያደርገው ልጁን ስለሚወድ ነው፤ ይሁን እንጂ ቈረጣው ሳልን አያድንም። ይልቁንም ደም አልቆም ይላል፥ ቁስሉ ያመረቅዛል፥ መንጋጋ ቆልፍና በደም የሚተላለፍ በሽታ በምላጩ ይገባል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በ561ኛው አንቀጽ እንጥል በመቁረጥ ሕፃንን ለሞት ማድረስን ያስቀጣል።

ጉሮሮን በእውነት የሚያስፈራው ዘጊ አናዳ የሚባለው በሽታ ነው። ይህ በሽታ መተንፈሻን ከመዝጋቱ በላይ የላንቃን ነርቭ ሊያደክም ይችላል፤ ያን ጊዜ የልጁ ድምፅ በአፍንጫ ይሆናል፥ የጠጣውም በአፍንጫው ይመለሳል። የዚህ መከላከያ ምላጭ ሳይሆን ሕፃኑ በተወለደ በ6ኛው፥ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት የሚሰጠው ክትባት ነው።

ስለዚህ መምህር የላንቃን ሥራ ለተማሪዎቹ በ«በ»ና በ«መ» ያሳይ። ሽማግሌም አራስ ወዳለችበት ቤት ለጥየቃ ሲገባ ከምርቃቱ ጋራ፥ «ልጁ ጉሮሮውን ቢታመም ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ እንጥሉን ግን ለምላጭ አትስጡ» ብሎ ይምከር።