በውሃ ላይ የቆመች ከተማ
(በገበሬዎች ንባብ ቤት የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ጊዜ እዚህ ንባብ ቤት ስንገናኝ ከኋላ ወንበር ላይ የተቀመጡ አንድ አባት እጃቸውን አወጡና፣ «ልጄ፣ ፈረንጅ አገር በውሃ ላይ የተሠራ ከተማ አለ ሲሉ ሰማሁ። ቤት በውሃ ላይ እንዴት ይቆማል? እውነት ነው ወይስ ወሬ?» ብለው ጠየቁኝ። ያን ዕለት መሽቶ ስለነበር በቅጡ አልመለስኩላቸውም። ዛሬ የመጣሁት ያንን ዕዳ ለመክፈል ነው።

ነገሩ እውነት ነው። ከተማይቱ ቬኒስ ትባላለች። የምትገኘው በኢጣልያ አገር፣ በሰሜን ምሥራቅ በኩል፣ በአድሪያቲክ ባሕር ዳር ነው። እኔም በዓይኔ አይቻታለሁ። ያየሁትንና የሰማሁትን በየተራ እነግራችኋለሁ። ዓመቶቹን የምጠራላችሁ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ ላሳስባችሁ።

የመስኖ ሥራ ለመማር ሚላኖ በተባለው ከተማ ጥቂት ወራት ተቀምጬ ነበር። አንድ እሑድ ከሌሎች ተማሪዎች ጋር ሆነን ቬኒስን ለማየት ተነሣን። ጉዞው ጧት ሄዶ ማታ መመለስ ነው። ገንዘቡን አንድ ጊዜ ትከፍላላችሁ፤ የባቡሩን ትኬት ይገዙላችኋል፤ አገሩን የሚያውቅ አስጎብኚም ይመድቡላችኋል። የእኛ አስጎብኚ እዚያው ቬኒስ የተወለደች ሴት ነበረች። እንዳንጠፋባት ቀይ ጃንጥላ ይዛለች። ባቡር ላይ ስንወጣ እንደ እረኛ አንድ በአንድ ቆጠረችን። 24 ሰዎች ነበርን። ከ2024 ጀምሮ በዚያች ከተማ አንድ አስጎብኚ ከ25 ሰው በላይ እንዳያስከትል፣ በድምፅ ማጉያም እንዳይናገር ተከልክሏል። መንገዱ ጠባብ፣ እንግዳው ብዙ ነውና።

ባቡሩ ከጧቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ተነሣ። አገሩ ሜዳ ነው። በመስኮቱ ስመለከት የበቆሎ ማሳ፣ የወይን ተክል፣ የመስኖ ቦይ አልፎ አልፎ ይታያል። ጋርዳ የተባለውን ትልቅ ሐይቅ በግራ ትተን፣ ቬሮናንና ፓዶቫን አልፈን፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ተጓዝን። በመጨረሻ ሜስትሬ የሚባል ጣቢያ ደረስን። ምድሩ የሚያልቀው እዚያ ነው። ከዚያ በኋላ በቀኝም ውሃ፣ በግራም ውሃ ሆነ። ባቡሩ ግን አልቆመም፤ በባሕሩ መካከል መሄዱን ቀጠለ። አጠገቤ የነበረው ጓደኛዬ ክንዴን ጨበጠኝ።

ለካስ የምንሄደው በድልድይ ላይ ኖሯል። ይህ የባቡር ድልድይ የተከፈተው በ1846 ነው። ርዝመቱ ከሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ይበልጣል፤ 222 ቅስቶች ተሸክመውታል። ከዚያ ዓመት በፊት ወደ ቬኒስ የሚገባ ሰው ሁሉ በጀልባ ነበር የሚገባው። የመኪና ድልድይ የተጨመረው በ1933 ነው። መኪናም ቢሆን ከከተማይቱ ጫፍ ላይ ይቆማል እንጂ ወደ ውስጥ አይዘልቅም።

ከባቡር ጣቢያው በር ስንወጣ ከፊታችን ያለው የአስፋልት መንገድ ሳይሆን ውሃ ነው። ታላቁ ቦይ ይሉታል። እንደ እባብ እየተጠማዘዘ ከተማይቱን ለሁለት ይከፍላታል። አውቶቡሱ ጀልባ ነው፤ ታክሲው ጀልባ ነው፤ አምቡላንሱም ጀልባ ነው። ቆሻሻ የሚወሰደው በጀልባ ነው፤ አስከሬን ወደ መቃብር የሚሄደውም በጀልባ ነው። ሕዝቡን የሚያመላልሰውን ትልቁን ጀልባ ቫፖሬቶ ይሉታል፤ ስሙ የመጣው እንፋሎት ከሚለው ቃል ነው። እኛ ባቡር የምንለውም ቃል ምንጩ ያው ነው ይባላል። በባቡር ደርሰን በባቡር ወንድም ላይ ተሳፈርን ማለት ነው።

እንግዲህ ወደ አባታችን ጥያቄ ልመለስ። ቤቱ እንዴት ቆመ?

ቬኒስ ያለችው ከመቶ በላይ በሆኑ ትንንሽ ደሴቶች ላይ ነው። ደሴቶቹ ጥልቀት በሌለው የባሕር ውሃ መካከል ያሉ የጭቃ ጉብታዎች ነበሩ። የጥንት ሰዎች በየብስ ላይ ጦርነት ሲበዛባቸው ወደነዚህ ደሴቶች ሸሹ፤ ጠላት በፈረስ ሊከተላቸው አይችልምና። ግን ጭቃ ቤት አይሸከምም። ስለዚህ የባሉጥና የሌላ ጠንካራ እንጨት ግንድ ከተራራ ቆርጠው፣ በወንዝ እያንሳፈፉ አመጡ። ጫፉን አሹለው፣ ጎን ለጎን አጠጋግተው፣ እንደ አጥር ችካል በጭቃው ውስጥ ቀበሩት። በግንዱ ላይ ሳንቃ አነጠፉ። በሳንቃው ላይ ውሃ የማያስገባ ድንጋይ ደረደሩ። ከዚያ በላይ በጡብ ቤታቸውን ሠሩ። ሳሉቴ የተባለውን ታላቅ ቤተ ክርስቲያን በ1631 መሥራት ሲጀምሩ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ግንድ እንደ ተተከለ ይነገራል።

«ታዲያ እንጨቱ አይበሰብስም ወይ?» ትሉኛላችሁ። እኔም ይህንኑ ጠይቄ ነበር። የአጥራችሁ ችካል የሚበሰብሰው የት ላይ ነው? መሬቱና አየሩ በሚገናኙበት ላይ አይደለም? እንጨትን ፈጥነው የሚያበሰብሱት ረቂቅ ነፍሳት አየር ይፈልጋሉ። የቬኒስ ግንድ ግን በጭቃና በውሃ ተከድኖ አየር አያገኝም። ስለዚህ የሚጎዳው እጅግ በዝግታ ነው። ለብዙ መቶ ዓመታት ቤቱን ተሸክሞ ቆይቷል።

ሁለተኛው የገረመኝ የመጠጥ ውሃው ነገር ነው። ከተማይቱ በውሃ ተከባለች፤ ውሃው ግን ጨው ነው፤ አይጠጣም። በየአደባባዩ ከድንጋይ የተጠረበ የጉድጓድ አፍ ይታያል። የምንጭ ጉድጓድ መስሎኝ ነበር፤ አይደለም። መሬቱን በጥልቁ ቆፍረው፣ ጨው ውሃ እንዳይገባ ዙሪያውን በሸክላ ጭቃ ለስነው፣ ውስጡን በአሸዋ ሞልተውታል። የጣራና የአደባባይ የዝናብ ውሃ በቀዳዳ ይገባና በአሸዋው እየተጣራ በመካከል ካለው ጉድጓድ ይጠራቀማል። ወደ ስድስት ሺህ የሚሆኑ እንዲህ ያሉ ጉድጓዶች ነበሩ። አስጎብኚያችን እንደነገረችን፣ የሕዝቡ ጉድጓድ በቁልፍ ይዘጋ ነበር፤ ጧትና ማታ ደወል ሲደወል ብቻ ይከፈት ነበር። ከየብስ በቧንቧ ውሃ የገባላቸው በ1884 ነው። እስከዚያ ድረስ ያ ሁሉ ሕዝብ የጠጣው በአብዛኛው የዝናብ ውሃ ነው። በጣራችን ላይ የሚወርደውን ዝናብ ዝም ብለን ወደ ወንዝ የምንሰድ እኛ ይህን ስንሰማ ምን እንላለን?

ሦስተኛው የደለል ነገር ነው። ይህን ገበሬ ከማንም በላይ ያውቀዋል። ወንዞች ከተራራ አፈር ተሸክመው ወደ ከተማይቱ ባሕር ይገቡ ነበር። በዚህ ቢቀጥል ባሕሩ በደለል ተሞልቶ ረግረግ ይሆናል፤ መርከብም አይገባም፤ ወባም ይፈላል። ስለዚህ ቬኒሶች ብሬንታ፣ ፒያቬና ሲሌ የተባሉትን ወንዞች አዲስ ቦይ ቆፍረው ከከተማይቱ አርቀው ወደ ባሕር መለሷቸው። ይህ ሥራ የአንድ ትውልድ ሥራ አልነበረም። አያት የጀመረውን ልጅ ቀጠለ፣ የልጅ ልጅ ጨረሰው። በ1501 የውሃን ጉዳይ ብቻ የሚመለከት የመንግሥት መሥሪያ ቤት አቋቋሙ። ዛሬም የከተማውን ቦይ በየተራ በሁለት በኩል ገድበው፣ ውሃውን በሞተር አውጥተው፣ ደለሉን ይጠርጋሉ። ቦይ ካልጠረጉት ቦይ አይደለም።

ነገር ግን ጥበበኛም ይሳሳታል። በሃያኛው ክፍለ ዘመን ከከተማይቱ ማዶ ፋብሪካዎች ተሠሩ። ፋብሪካዎቹ የከርሰ ምድር ውሃን ያለ ልክ ሳቡ። ከሥር ውሃው ሲያልቅ መሬቱ ተሸማቀቀ፤ ከተማይቱም ዝቅ አለች። ይህ መሳብ የተገታው በ1970ዎቹ ዓመታት ነው። የሰመጠው ግን በአብዛኛው ተመልሶ አልተነሣም። በዚያ ላይ የባሕሩ ውሃ ከፍ እያለ መጣ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው፣ ጎርፉ መጀመሪያ እግር አረጠበ፣ በኋላ ቤት ገባ። በኅዳር 4 ቀን 1966 ባሕሩ ከመደበኛው ልክ 194 ሳንቲ ሜትር ከፍ አለ። በኅዳር 12 ቀን 2019 ደግሞ 187 ሳንቲ ሜትር ደረሰ። አስጎብኚያችን በአንድ ሱቅ ግድግዳ ላይ የቀረውን የውሃ ምልክት አሳየችን።

አሁን ባሕሩ በሚገባባቸው ሦስት በሮች ላይ 78 የብረት መዝጊያዎች ተሠርተዋል። መዝጊያው በሌላው ጊዜ በውሃ ተሞልቶ ከባሕሩ ወለል ላይ ይተኛል። ማዕበል ሲመጣ አየር ይነፉበታል፤ ውሃው ይወጣል፤ መዝጊያውም እንደ ተነፋ ስልቻ ተንሳፎ ይቆምና ባሕሩን ያግዳል። ሥራው በ2003 ተጀመረ። ብዙ ገንዘብ ፈሰሰበት፤ በ2014 በጉቦ የተጠረጠሩ ባለሥልጣኖችና ነጋዴዎች ታሰሩበት። ማዕበል ለማገድ ለመጀመሪያ ጊዜ የተነሣው በጥቅምት 3 ቀን 2020 ነው። ያን ዕለት የቅዱስ ማርቆስ አደባባይ ሳይጥለቀለቅ ቀረ።

ወዳጆቼ፣ ከሁሉ ይበልጥ ልቤን የነካውን ልንገራችሁ። አስጎብኚያችን የመጣሁበትን አገር ጠየቀችኝ። «ኢትዮጵያ» አልኳት። «እንግዲያው ና» አለችና ወደ ታላቁ ቤተ መጻሕፍት፣ ወደ ማርቺያና ወሰደችን። እዚያ በ1450 ገደማ ፍራ ማውሮ የተባለ የቬኒስ መነኩሴ የሠራው ትልቅ ክብ የዓለም ካርታ አለ። በካርታው ላይ አማራ ተብሎ ተጽፏል፤ ሸዋ ተብሎ ተጽፏል፤ የዓባይም ስም አለበት። ፈረንጅ አገራችንን በቅጡ ባላየበት በዚያ ዘመን ይህን ከየት አገኘው? መነኩሴው ራሱ እዚያው ካርታ ላይ ጽፎታል፤ የአገሩ ተወላጆች የሆኑ የሃይማኖት ሰዎች አውራጃውንና ወንዙን፣ ከተማውንና ተራራውን በገዛ እጃቸው ሥለው፣ ስሙን ነግረውኛል ይላል። ቀደም ብሎም በ1402 ከዐፄ ዳዊት የተላኩ መልእክተኞች ነብር ጭምር ይዘው ቬኒስ ደርሰው ነበር። እነዚያ አባቶች የሚያውቁትን በቃል ብቻ ተናግረው ቢሄዱ ኖሮ ከነፋስ ጋር በጠፋ ነበር። በብርዕ ስላስቀመጡት ግን ከ550 ዓመት በላይ አልፎ እኔ ደርሼበታለሁ።

አሁን ደግሞ የራሴን ጥፋት ልናገር። ወደ ጣቢያው ስንመለስ ሪያልቶ የተባለው የድንጋይ ድልድይ አጠገብ ጀልባ ጭነት ሲያራግፍ ቆሜ አየሁ። ዞር ስል ቀዩ ጃንጥላ የለም። ወደ ቀኝ ሮጥኩ፤ መንገዱ ውሃ ላይ አለቀ። ወደ ግራ ሮጥኩ፤ የሰው ግቢ ሆነ። የእጅ ስልኬ ባትሪ ጨርሷል። ትኬቱ የሚያገለግለው ለአሥራ አንድ ሰዓት ተኩሉ ባቡር ብቻ ነው። ላቤ ወረደ።

ከዚያ ጧት የነገረችን ነገር ትዝ አለኝ። «ከጠፋችሁ ግድግዳውን አንብቡ» ብላ ነበር። ቀና ስል በቤቱ ማዕዘን ላይ ቢጫ ጽሑፍ አየሁ። ፌሮቪያ ይላል፤ የብረት መንገድ፣ ማለት ባቡር ጣቢያ ነው። ከአጠገቡ ቀስት አለ። ቀስቱን ተከተልኩ። በሚቀጥለው ማዕዘንም ያው ቃል፣ ያው ቀስት። አንድ ቃል ይዤ ድልድይ ወጥቼ ድልድይ እየወረድኩ ጣቢያው ደረስኩ። ባቡሩ ሊነሣ ስድስት ደቂቃ ቀርቶት ነበር። አስጎብኚያችን በሩ ላይ ቆማ 23 ሰው ደጋግማ ትቆጥራለች። ሲያዩኝ ሁሉም አጨበጨቡ፤ እኔ ግን አፍሬ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።

ማታ በባቡሩ መስኮት ጨለማውን ሳይ እናቴን አሰብኩ። ልጅ ሳለሁ ታምሜ ከተማ ሐኪም ቤት ተኝቼ ነበር። እናቴ ስንቅ ይዛ ልትጠይቀኝ መጣች። አውቶቡስ ተራ ደርሳ የአውቶቡሱን ታፔላ ማንበብ አልቻለችም። አንዱን ጠየቀች፤ እሱም ሳያውቅ አሳሳታት። በሌላ መንገድ ሄዳ ከሰው በረንዳ ላይ አደረች። እኔ ዘንድ የደረሰችው በማግሥቱ ነው። እንጀራው ሻግቶ ነበር። «ልጄ፣ ዓይን እያለኝ ዕውር ሆኜ አደርኩ» አለችኝ። በሃምሳ ዓመቷ ፊደል መቁጠር የጀመረችው ከዚያ ወዲህ ነው። ስሟን ጽፋ ስታሳየኝ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ስለዚህ ያ አባት ለጠየቁኝ መልሴ ይህ ነው። ከተማ በውሃ ላይ ይቆማል። የሚቆመው ግን በማይታይ ግንድ፣ በሚጠረግ ቦይ፣ ከአባት ወደ ልጅ በሚተላለፍ ሥራ ነው። ከተማይቱም ቢሆን ጭንቀቷ አላለቀም። በ1951 ወደ 175 ሺህ የሚጠጋ ሰው ይኖርባት ነበር፤ በ2022 ከ50 ሺህ በታች ወርዷል። ቤት ተወደደ፤ ለነዋሪ ከማከራየት ለእንግዳ ማከራየት ይሻላል ተባለ። በ2024ም በተመረጡ ቀኖች ውሎ የሚመለስ እንግዳ 5 ዩሮ መግቢያ መክፈል ጀመረ። አስጎብኚያችን ስንሰናበት፣ «የተወለድኩባትን ከተማ ለሌላ ሰው እያሳየሁ እኔ የምኖረው ሜስትሬ ተከራይቼ ነው» ብላናለች። ይህን ስትናገር ጃንጥላዋን አጥፋ ነበር።

ነገ የመስኖ ቦያችንን ለመጥረግ ተቀጣጥረናል። ዶማና አካፋ ይዛችሁ በጧት እንገናኝ። ማታ ደግሞ ንባቡ ይቀጥላል፤ የሚያነብልን ባለፈው ጥያቄ የጠየቁት አባታችን ናቸው።